በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዘወትር የምንጠቅሰውም በገበሬው ላይ ነው፤ ጠበልና ሥር ማሽ ዘንድ ሲመላለስ ቆይቶ ሐኪም ቤት የሚመጣው ከመሸ በኋላ ነው እያልን እንወቅሰዋለን። ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በሽታውን ሳይደብቅ በጊዜ ስለሚመጣው የቢቸናና የሞጣ ሰው ነው።

ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ የሚነሣ፥ ጂስት የሚባል፥ እምብዛም የማይገኝ ካንሰር አለ። በሌሎች አገሮች በተደረገ ቆጠራ በዓመት የሚይዘው ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ10 እስከ 15 ያህሉን ነው። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታይ የጡንቻ ዕጢ ስለሚመስል ለብዙ ዘመን በሌላ ስም ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች ኪት የተባለ ፕሮቲን ከልኩ ወጥቶ የዚህን ዕጢ ሕዋሶች ያለ ዕረፍት እንዲባዙ እንደሚያዝ ገለጡ። በ2000 ፊንላንድ ውስጥ አንዲት ሕመምተኛ ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት መውሰድ ጀምራ ዕጢዋ ሟሸሸ፤ የተለመደው የካንሰር መድኃኒት ግን ለዚህ በሽታ እምብዛም አይረዳም ነበር። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን ከመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገብ አገባው።

እንግዲህ የሕመምተኛው ዕድል በበሽታው ስም ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ስሙን የሚለየው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው ምርመራ ነው፤ ይኸውም ከዕጢው በስሱ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ኪትን ወይም ዶግ 1 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይታያል። ከ100 ጂስት 95 ያህሉ ኪትን ያሳያል።

ይህ ምርመራ በየወረዳው ይሠራ የሚል የለም። ዕጢው ግን ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ናሙናውም ከዚያ ወይ ወደ ባሕር ዳር፥ ወይ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ነገሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም በዚሁ ጉዞ ነው። ሥጋው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ይበሰብሳል፤ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ከቆየም ፕሮቲኑ ሊሸፈን ይችላል። ያን ጊዜ መርማሪው ምንም ሊቅ ቢሆን ምን ያደርጋል? ሕጉ ግን ቀላል ነው፤ አሲድነቱ የተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን፥ ከሥጋው 10 እጥፍ የሚሆን፥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት፤ በዕቃውም ላይ ዕጢው የወጣበት ቀንና ሰዓት።

«ወባና ሳንባ ነቀርሳ ሳያልቅልን ስለ ብርቅ ካንሰር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ፎርማሊኑ ለጂስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው ሚዛን በደፋ ነበር። ነገር ግን የጡት ካንሰር የያዛትን እናት ታሞክሲፈን ይረዳት እንደሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ዓይነት ምርመራ ነው፤ የእርሷም ናሙና የሚጓዘው በዚያው መንገድ ነው።

ስለዚህ፥ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች፥ ስለ ትልልቅ መሣሪያዎች ከመከራከራችን በፊት ከየወረዳው የሚነሣ ናሙና በ3 ቀን ውስጥ እንዲደርስ፥ ውጤቱም በጽሑፍ ተመልሶ ለሕመምተኛው እንዲነገር የሚያስገድድ ሥርዐት እንጠይቅ። ሕክምና የምታጠኑትም ነገ ወደነዚህ ሆስፒታሎች ትመደባላችሁና ልማዱን ከዛሬ ያዙት። ገበሬው በሽታውን አልደበቀም፤ ሥጋውን ሰጥቶናል። በእጃችን ከተበላሸ ምሳሌው የሚተረተው በእኛ ላይ ነው።