የሂዌት ውል በጎንደር ሲመሰገን

ባለፈው ሰሞን በጎንደር ከተማ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አካባቢው ጸጥታ በተደረገ አንድ ጉባኤ ላይ፥ በትምህርታቸው የተከበሩ አንድ ተናጋሪ፥ በሩቅ ያሉ መካከለኛ ኃያላን መንግሥታት በእኛና በጎረቤቶቻችን ምድር «የጸጥታ ጥቅም አለን» እያሉ ወደብ መያዛቸው፥ የጦር ሰፈር መሥራታቸውና መሣሪያ ማቅረባቸው ሊያስፈራን እንደማይገባ፥ እንዲያውም እነዚህ መንግሥታት የቀድሞዎቹ ታላላቆች ትዕቢት ስለሌለባቸው ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ከጥላው ሥር መጠለል ብልህነት እንደሆነ ካስረዱ በኋላ፥ ለነገራቸው ምስክር ይሆን ዘንድ በግንቦት ወር 1876 ዓ.ም. በዐድዋ የተፈረመውን የሂዌትን ውል ጠሩ። ዐፄ ዮሐንስ የባዕዳንን ጭንቀት ለአገራቸው ጥቅም አውለው ቦጎስን ያለ ጦርነት አስመለሱ፤ እኛም እንዲሁ እናድርግ አሉን። አዳራሹም አጨበጨበ።

እኔም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበርሁ። ተነሥቼ መልስ ሳልሰጥ በዝምታ መውጣቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲወቅሰኝ ስላደረ፥ በአዳራሹ ያልተናገርሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ስለ ሌላው ነገራቸው ብዙ አልከራከርም። የዚያን ውል ዕዳ በእሳትና በደም የከፈለችው ይህችው ጎንደር ሆና ሳለ፥ ውዳሴው በእርሷው ምድር ላይ፥ በልጆቿ ጆሮ፥ ያለ አንዳች ተቃውሞ መሰማቱን ግን ልታገሠው አልቻልሁም።

ከዲቭ እስማኤል በነገሠበት ዘመን ግብፅ ከዐባይ ሸለቆ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻና እስከ ሐረር ያለውን ምድር ሁሉ የጸጥታዋ አጥር ለማድረግ ተነሥታ፥ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ድል ብትመታም፥ ምጽዋንና ከረንን ይዛ እንደተቀመጠች ነበረች። በኋላ የመሐዲ ጦር ሱዳንን ባነደደ ጊዜ በከሰላና በአካባቢው የነበሩት ወታደሮቿ መውጫ ስላጡ፥ ግብፅን በእጇ ያስገባችው እንግሊዝ አድሚራል ሂዌትን ወደ ዐድዋ ላከች። በውሉም መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እነዚህ ወታደሮች በአገሩ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ሊረዳ፥ ስለዚህም ፈንታ ከረን ያለችበት ቦጎስ ሊመለስለትና በምጽዋ ወደብ መሣሪያ ሳይቀር ዕቃ ሁሉ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነጻ ሊያልፍለት ቃል ተገባ።

ተናጋሪው እዚህ ላይ ደርሰው አቆሙ። ታሪኩ ግን ገና መጀመሩ ነው።

የእንግሊዝ ቃል የቆየው ስምንት ወር ነው። በጥር ወር 1877 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደሮች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋ ላይ ወረዱ፤ በነጻ ይከፈትልናል የተባለው በርም በሌላ ባለቤት እጅ ገባ። ዐፄ ዮሐንስ ግን፥ ውሉ ከተሰበረ በኋላ እንኳ፥ የገቡትን ቃል አላጠፉም፤ በገላባት የተከበበው የግብፅ ጭፍራ በኢትዮጵያ ምድር አልፎ በሰላም እንዲወጣ አደረጉ፤ ከሰላን ሊረዳ የዘመተው ራስ አሉላም ከተማዪቱ አስቀድማ ብትወድቅም በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከመሐዲስቶች ጋር ገጥሞ ብዙ ሰው ሠውቶ ድል አደረገ። ወታደሮቹ የግብፅ፥ ጭንቀቱ የእንግሊዝ፥ ደሙ የኢትዮጵያ ልጆች ነበር። ከዚያ ወዲህ የሱዳን መሐዲስቶች ከዐባይ ማዶ ካለው ባላጋራቸው ይልቅ በቅርብ ያለውን ጎረቤት የጠላታቸው አጋዥ አድርገው ያዩት ጀመር፤ ቂሙም በሩቁ የውሉ ፈራሚ ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ላይ ዞረ።

እነሆ በአንድ ፊርማ ሁለት እሳት ተለኮሰ፤ አንዱ በምሥራቅ በምጽዋ በኩል፥ አንዱ በምዕራብ በመተማ በኩል። የምሥራቁ እሳት ከጣሊያን ጋር በዶግዓሊ ከተነሣ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ዓይንና ሠራዊት ወደ ሰሜን፥ ወደ ሰሐጢ ሲዞር፥ ምዕራቡን እንዲጠብቁ የታዘዙት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ መሪ የኸሊፋ አብዱላሂ የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ በደንቢያ ሣር ውኃ ላይ የንጉሡን ጦር ሰብሮ ወደ ጎንደር ገባ። ነገሥታት የተቀቡባት፥ ሊቃውንት ከየአገሩ ለዜማና ለመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰበሰቡባት፥ የማኅሌቷ ድምፅ ሌሊቱን ሁሉ የማይቋረጥባት ከተማ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ከንዋየ ቅድሳታቸውና ከመጻሕፍታቸው ጋር ተቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ቆላውን ተሻገሩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ንቦች ጠብቀዋት እንደተረፈች አባቶቻችን ይተርካሉ፤ በጣሪያዋ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም ቁልቁል ሲመለከቱን እንዲያ ያሉ ስንት ሥዕሎች አብረው እንደነደዱ የማያስብ ጎንደሬ ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። በአዳራሹ ያጨበጨቡትን እጆች ካየሁ ወዲህ ግን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ጥፋት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ነገሩን ተረድተውት ነበር። የአውሮፓ ሰዎች የኢትዮጵያም የሱዳንም የጋራ ጠላት ስለሆኑ ሁለቱ ጎረቤታሞች ቢታረቁ እንደሚሻል ለአቡ አንጃ ጻፉ፤ መልሱ ግን ስድብ ሆነ። ዕርቁ አራት ዓመት ዘግይቶ ነበርና። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት በሽታም በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ተከተለ፤ ከጦር የተረፈው የደንቢያ ገበሬ በጠኔ አለቀ። በእኒህ ንጉሥ ላይ አልፈርድም፤ በሁለት ጦር መካከል ቆመው ከነበራቸው ጥቂት ምርጫ አንዱን መረጡ። የምፈርደው መጨረሻውን እያወቀ መጀመሪያውን ብቻ ቆርጦ የድል ምሳሌ አድርጎ በሚያስተምር ሰው ላይ ነው።

ተናጋሪው መካከለኛ ኃያላን ትዕቢት የለባቸውም ማለታቸውንም ሳልነካ ማለፍ አልችልም። በ1877 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ የወረደችው ጣሊያን በዚያ ዘመን ከኃያላኑ ማኅበር በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠች፥ አንድ መንግሥት ከሆነች 24 ዓመት ብቻ የሆናት አገር ነበረች። ለታላቁ መንግሥት ሩቅ አገር ከብዙ ጉዳዮቹ አንዱ ነው፤ ቢከብደው ጥሎት ይሄዳል። መካከለኛው ግን ታላቅ መባልን የሚሻው በዚያ በሩቅ አገር በሚሠራው ሥራ ስለሆነ፥ ክብሩን በሌላው ምድር ላይ ይተክላል፤ ሲሸነፍም በውርደቱ ይነድዳል። ጣሊያን የዐድዋን ሽንፈት ለ40 ዓመት በልቧ ይዛ በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጢስ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ጎንደርን ያዘች፥ በምሥራቅ አፍሪቃ የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር፥ የጄኔራል ናሲ ጦርም፥ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው በዚህችው ከተማ ነው። እንግዲህ ስለ መካከለኛ ኃይል ትሕትና ለጎንደር ሰው ለማስተማር ጎንደር መምጣት አያስፈልግም ነበር።

ዛሬም ስሞቹ ተለወጡ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። በጅቡቲ ከታላላቆቹ ጎን ጃፓንና ጣሊያን የጦር ሰፈር ሠርተዋል፤ ቱርክ በ2010 ዓ.ም. መባቻ በሞቃዲሾ ታላቅ የማሠልጠኛ ሰፈር ከፍታለች፤ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ለየመን ጦርነት ዐሰብ ላይ የሠሩትን ሰፈር ሥራው ሲያበቃ በ2013 ዓ.ም. ነቅለው ሄዱ፤ ግብፅም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከሶማሊያ ጋር የጦር ስምምነት ፈረመች። እያንዳንዱ የራሱን መርከብ፥ የራሱን ውኃ፥ የራሱን ንግድ ያስባል፤ በዚህም ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ የአገሩ መንግሥት ነውና። ወቀሳው ያን ጥቅም የእኛ ጥቅም ነው ብለን ከተቀበልነው በእኛ ላይ ነው።

የጎረቤት ጦርነት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደግሞ ወደ ዐፄዎቹ ዘመን መመለስ አያሻም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን በራሷ ጄኔራሎች መካከል ተከፍላ ስትነድድ፥ ከባሕር ማዶ ያሉ መንግሥታት አንዱ ለአንዱ ወገን፥ ሌላው ለሌላው ወገን ሲያግዙ፥ ከገላባት ተሻግሮ ወደ መተማ የመጣው ስደተኛ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈረ፤ በዚያም የጸጥታ ጉድለት ስላስጨነቀው ብዙ ሰው መጠለያውን ጥሎ በመንገድ ዳር ወደቀ። ይህ ሁሉ በእኛው ምድር፥ በምዕራብ ጎንደር የሆነ ነገር ነው። በሱዳን ጦርነት ውስጥ የጸጥታ ጥቅም አለን ከሚሉት መንግሥታት አንዱም ከመተማ ጋር ድንበር አይዋሰንም።

እኔ የመንግሥት አማካሪ አይደለሁም፤ የውጭ ጉዳይ መመሪያ ልጽፍም አልነሣም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከሩቅ መንግሥት ጋር ስለ ጸጥታ ውል የሚፈርም ሁሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ ውሉ በጎረቤታችን ዓይን እንዴት እንደሚታይ፥ ቂሙም በማን እርሻና በማን ደጀ ሰላም ላይ እንደሚወርድ ይጠይቅ። ሩቁ መንግሥት ጥቅሙ ሲያልቅ መርከቡን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ሱዳን ግን ከመተማ ማዶ ትኖራለች።

ለእኚያ ለተከበሩት ተናጋሪ ደግሞ ያለኝ ልመና አጭር ነው። ዳግመኛ ጎንደር መጥተው ስለ ግንቦት 1876 ሲያስተምሩ፥ እባክዎ ከመድረኩ ከመውረድዎ በፊት ጥር 1880ንም አብረው ይንገሩን።