ቲቸር፣ ይደገም!

እጩ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም

ፕላዝማ ሲባል ፈገግ የማይል ነባር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ማግኘት ይቸግራል። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት መሰራጨት የጀመረው ይህ የቴሌቪዥን ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም ተረክቦት ነበር። አብዛኛው ክፍለ ጊዜ የስክሪኑ ነበር፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያስተዋውቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ያጠቃልል ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው ትምህርት ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ጠብቆ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ለተማሪው ይግባው አይግባው ደንታ አልነበረውም። መብራት ከሄደማ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ።

እኔ ፕላዝማው ላይ አልደረስኩም። ግን ስማርት ክፍል፣ ታብሌት፣ ኦንላይን እያሉ ተስፋ የሚሰጡንን ስሰማ የፕላዝማው ታሪክ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ያኔ ያልተመለሰው ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰምና፦ ልጁ ሳይገባው ሲቀር መሣሪያውን ማን ያቆመዋል?

የእንግሊዝኛ መጻሕፍታችን የማዳመጥ ትምህርት አላቸው። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምህሩ ቆሞ ያነባል፣ ተማሪው አዳምጦ ጥያቄ ይመልሳል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ ገጠር ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው እንግሊዝኛ የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ያም ሰው ቋንቋውን የሰማው እንደ እሱው ካለ ሌላ መምህር ነው። መምሪያው ካልደረሰ ደግሞ ትምህርቱ ይዘለላል። ይኸው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሀገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የፊዚክስ ጥያቄውን ቋንቋ ሳይረዳ መልስ ያጠቆረው ተማሪ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ አነባበቡ ጥሩ የሆነ ጓደኛዬን የማዳመጫውን ጽሑፍ አስነብቤ በስልኬ ቀረጽኩት። ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫንኩና ገበሬው ማሳ ይዞት በሚወርደው ዓይነት ራዲዮ ከፈትኩት። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው የተጣበቡት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፤ ዘፈን ጠብቀው ነበራ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ስም ሲጠራ እንኳ ድምፁ የማይሰማ አንድ የኋላ ወንበር ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይደገም!» አለ። ደገምኩት። «እዚች ላይ ይቁም» አለች ሌላዋ። አቆምኩት።

መምህር ሲያነብ እኮ ይደገም የሚል የለም። በእኛ አገር ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው፤ መምህርን ማስደገምማ ድፍረት ነው። ራዲዮን ግን ማን ይፈራዋል? የቴክኖሎጂ ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

በርግጥ አንዳንድ መምህራን «ሰነፉ መምህር ራዲዮ ከፍቶ ሊቀመጥ ነው» ይሉኛል። ይቀመጥ ይሆናል። ሰነፍ መምህር ያለ ራዲዮም ይቀመጣል። ከፕላዝማው የሚለየው ማቆሚያው በመምህሩ እጅ መሆኑ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ሁሉ ይስተካከላል የሚለውን አልቀበልም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በአማራ ግጭት ሲፋፋም የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ፤ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ደግሞ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ከታተመው መጽሐፍ የቀደመው በቴሌግራም የሚወርደው ሶፍት ኮፒ ነበር። ዳታ የሌለው ልጅ ምኑን ያውርድ?

በገበያ ቀን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የዋለ ሰው ግን ሌላ መንገድ ያያል። ወጣቱ በርበሬውን ሸጦ፣ ስልኩን ቻርጅ አስደርጎ፣ ከሚሞሪ ጫኞቹ ቤት ይገባል። የሰሞኑን የጎጃም ዘፈን አስጭኖ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ኔትወርክ አልጠየቀም። ዘፈኑ ብዙም ሳይቆይ ደጋ ዳሞት ሠርግ ላይ ይጨፈርበታል። የእንግሊዝኛ ትምህርት በዚሁ መንገድ የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልላችን ትምህርት ቢሮ የየክፍሉን የማዳመጫ ጽሑፎች አነባበባቸው ባማረ የሀገራችን መምህራን አስቀርጸው በነፃ ይልቀቁልን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተላልፏልና ሥራው አዲስ አይሆንም። የመምህራን ኮሌጆችም ድምፅ መቅረጽን፣ መቁረጥንና ክፍል ውስጥ እያቆሙ ማስተማርን እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ያሠልጥኑን። ማዳረሱን ለእኛና ለሚሞሪ ጫኞቹ ይተዉት።