ሌባው በሰደበ ባለቤቱ ለምን ይቀጣል? የተሰረቀ የጨዋታ አካውንትና የቻት እገዳ

የኦንላይን ጨዋታ በስልክም በኮምፒውተርም ቤታችን ከገባ ቆይቷል። አብሮት የመጣ አንድ ችግር ግን ብዙ ወላጆች ጋ ገና አልደረሰም። ልጁ አንድ ቀን ጨዋታውን ሲከፍት ከቡድኑ ጋር መጻጻፍም መነጋገርም እንደተከለከለ የሚገልጽ መልእክት ያገኛል። ምክንያቱ «ጸያፍ ስድብ» ወይም «የጥላቻ ንግግር» የሚል ነው። እሱ ምንም አልጻፈም። «ነጻ ስጦታ» በሚል ሊንክ የይለፍ ቃሉን የወሰደበት ሌባ ነው በስሙ ገብቶ የተሳደበው።

ነገሩ «ጨዋታ ነው፣ ይለፈው» ተብሎ የሚተው አይደለም። ከልጁ ጋር የሚጫወቱት የሰፈሩ፣ የመድረሳው፣ አንዳንዴም ሪያድና ዋሽንግተን ያሉ የዘመዶቹ ልጆች ናቸው። ዘርን ወይም ዲንን የሚነካ ስድብ በስሙ ሲወጣ ያዩት እነሱ ናቸው።

ኩባንያዎቹ የሚቀጡት አካውንቱን ነው፤ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ብዙም አይመረምሩም። ኤክስቦክስ ከ2023 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የሚሠራበት የነጥብ አሠራር አለ። ስድብ አንድ ነጥብ፣ የጥላቻ ንግግር ሦስት ነጥብ ያስቆጥራል፤ ስምንት የሞላበት ሰው ለአንድ ዓመት ከቻትና ከሌሎች ጋር ከመጫወት ይታገዳል። ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። ስቲምን የሚያስተዳድረው ቫልቭ ደግሞ በጨዋታ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም ሰበብ የሚጥለውን እገዳ በድርድር አያነሳም፤ አካውንቱን መጠበቅ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው ይላል።

ይህ አቋም ከመሠረቱ ባዶ ነው አንልም። በፊቅህ የአደራ ምዕራፍ ውስጥ አደራ ተቀባይ ንብረቱ ቢጠፋበት የሚጠየቀው ሲያጓድል ወይም ድንበር ሲያልፍ ነው። የይለፍ ቃሉን ለጓደኛው የሰጠ ልጅ አጓድሏል፣ ሊገሠጽ ይገባል። ግን ማጓደል አንድ ነገር ነው፣ መሳደብ ሌላ ነገር። በሩን ሳይቆልፍ የተኛ ሰው ቸልተኛ ይባላል እንጂ ሌባው ገብቶ ለፈጸመው ወንጀል ወንጀለኛ አይባልም። ነፍስ የሌላዋን ነፍስ ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን በተደጋጋሚ ያስተማረን ጉዳይ ነው። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታም በከሳሽ ላይ እንደሆነ ማንኛውም የሸሪዓ ተማሪ ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው ሚዛኑ የሚዛባው። ልጁን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ ያለው በኩባንያው እጅ ነው። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ከየትኛው አገር እንደተገባ የሚመዘግበው ኩባንያው ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ተገብቶበት የማያውቅ አካውንት በአንድ ሌሊት ከሌላ አህጉር ተከፍቶ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረና ስድቡ ከዚያ በኋላ ከወጣ፣ መዝገቡን አንዴ ማየት ብዙ ነገር ይመልሳል። ይህ ሁሉ እያለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ንጽሕናውን በባዶ እጁ እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መልስም ማሽን የጻፈው ሁለት መስመር ነው።

ለኩባንያዎቹም ፍትሐዊ እንሁን፤ «ወንድሜ ነው የጻፈው»፣ «ሀክ ተደርጌ ነው» የሚለው ሰበብ ከመደጋገሙ የተነሣ ቀልድ ሆኗል። ራሱ ተሳድቦ በሌባ የሚያሳብብ ልጅ የእውነተኛውን ተበዳይ መንገድ ይዘጋል፤ ውሸቱ ደግሞ ከስድቡ ላይ የተደረበ ሌላ ወንጀል ነው። ስለዚህ ወላጅ ይግባኙን ከመጻፉ በፊት ልጁን ለብቻው፣ ሳያስፈራራ ይጠይቀው።

እውነትም ተሰርቆ ከሆነ፣ ሌባው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ይግባኝ መጻፍ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ኢሜይሉ፣ ቀጥሎ የጨዋታው አካውንት የይለፍ ቃል ይቀየር፤ ከሁሉም መሣሪያ ይውጣ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት። «ከአዲስ ቦታ ተገብቷል» ወይም «የይለፍ ቃልዎ ተቀይሯል» የሚሉ ኢሜይሎች አይጥፉ፤ የግዢ ደረሰኝም ባለቤትነትን ያሳያል። ይግባኙ አጭር ይሁን፦ አካውንቱ መቼ እንደተወሰደ፣ መቼ እንደተመለሰ፣ ስድቡ የወጣው በመካከሉ መሆኑ ይጻፍና ኩባንያው የመግቢያ መዝገቡን እንዲያይ በግልጽ ይጠየቅ። እገዳውን ለመሸሽ አዲስ አካውንት መክፈት በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በቴሌግራም «በክፍያ እናስነሳለን» የሚሉትን ደግሞ ሁለተኛ ሌቦች ብንላቸው አናጋንንም።

ሙስሊሞች በጋራ ሲናገሩ እነዚህ ኩባንያዎች እንደሚሰሙ አይተናል። ፐብጂ ሞባይል በ2020 ለጣዖት መስገድን የሚያሳይ ክፍሉን ያነሳው፣ አክቲቪዥን በ2021 በኮል ኦፍ ዲዩቲ ውስጥ የቁርኣን ገጾች መሬት ላይ በመታየታቸው ይቅርታ የጠየቀው ቅሬታው ከብዙ አገር ስለመጣ ነው። ብቻውን የሚጽፍ ልጅ ይህ ክብደት የለውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉ ቤተሰቦቻችን ግን የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ያግዛቸዋል። ሕጉ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ትንንሾቹን ሳይጨምር በኦንላይን መድረኮች ላይ በሙሉ ተፈጻሚ ሆኗል። የሚመለከታቸው መድረኮች ለእገዳው ምክንያት መስጠት፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ቅሬታ መቀበልና ውሳኔውን ለማሽን ብቻ አለመተው ግዴታቸው ነው። ከዚያ በኋላም ከፍርድ ቤት ውጭ ወዳለ ገለልተኛ አካል መሄድ ይቻላል። አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ላለ ልጅ ይህ በር ክፍት አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ እህት ወንድሞቻችን ጉዳዩ ከእገዳም ያልፋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ በኦንላይን የሚፈጸም ስድብን በእስራት ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ተሰዳቢው ስክሪንሾት ይዞ ፖሊስ ዘንድ ቢሄድ በላዩ የሚታየው የባለቤቱ ስም ነው። አገራችንም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አላት፤ በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰው አካውንት ውስጥ መግባትን ራሱን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ስርቆቱ በታወቀበት ቀን ለኩባንያው የተላከው መልእክት ቅጂ ይቀመጥ፤ በስሙ ከባድ ስድብ ወጥቶ ከሆነ ዱባይ ያለ ሰው በፖሊሱ የኢ-ክራይም መድረክ፣ እዚህ ያለ ደግሞ በአቅራቢያው ባለ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሌላው ሳይከሰው ቀድሞ ያመልክት።