እንቅርትና የመርፌው ጠባሳ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እየተባለ የሚተረተው በአንድ ችግር ላይ ሌላ ሲደረብ ነው፡፡ እንቅርት ለተረት እስኪበቃ ድረስ በአገራችን የታወቀ ሕመም ነው፡፡ ዋናው ምክንያት የአዮዲን ማነስ ስለሆነም፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጥቷል፡፡ ዛሬ ልናሳስብ የምንወደው ግን ስለ ጨው ሳይሆን ስለ አንዲት ወረቀት ነው፡፡

እንደሚታወቀው የታይሮይድ ዕጢ የምትገኘው በአንገት ፊት ለፊት ነው፡፡ በእርሷ ላይ የሚወጣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፡፡ ይህንኑ ለማረጋገጥ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋሳት ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፡፡ ከዚያም እብጠቱ መተንፈሻን የሚጫን ወይም የሚያጠራጥር ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፡፡

ነገር ግን ይህ ክፉ ያልሆነ እብጠት ውስጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ሲቆይ ይደማል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ይጠብሳል፤ አንዳንዴም አጥንት ያበቅላል፡፡ መርፌውም የራሱን ምልክት ይተዋል፡፡ በገባበት መንገድ ደም ይፈስሳል፤ ጠባሳና አዳዲስ የደም ሥሮች ይፈጠራሉ፤ ሕዋሳቱ መልካቸውን ይለውጣሉ፡፡ አልፎ አልፎም እብጠቱ በከፊል ወይም በሙሉ ይሞታል፡፡ ከሁሉ የሚያሳስበው፣ በእብጠቱ ሽፋን ላይ በተተወው ጠባሳ ውስጥ ሕዋሳት ተይዘው ሲገኙ፣ ሽፋኑን ጥሶ የወጣ ካንሰር መምሰላቸው ነው፡፡ ቨርጂኒያ ሊቮልሲና ማሪያ ሜሪኖ የተባሉት የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን የመሰሉትን ለውጦች በ1994 እ.ኤ.አ. ጽፈው አስጠንቅቀዋል፡፡

ታዲያ መርፌው ይቅር እንበልን? አንልም፡፡ መርፌው ብዙ ሰው ያለ አስፈላጊ ምክንያት ከመቀደድ አድኗል፡፡ ጉድለቱ ያለው በመርፌው ሳይሆን ስለ መርፌው ባለመነገሩ ነው፡፡ በሽተኛው በአንድ ከተማ በመርፌ ተመርምሮ በሌላ ከተማ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይችላል፡፡ የፊተኛው ወረቀት ከቤት ከቀረ፣ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም ጠባሳው ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል? የማይገባ ፍርሃትና የማይገባ ሕክምና የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፡፡ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለትም ይኸው ነው፡፡

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፡፡ ሐኪሞች ከአንገት የወጣውን ሥጋ ወደ ምርመራ ሲልኩ፣ መርፌው መቼና በየትኛው ወገን እንደገባ፣ ውጤቱም ምን እንደነበር አብረው ይጻፉ፡፡ በሽተኞችም የምርመራውን ወረቀት እንደ ግብር ደረሰኝ በክብር ያስቀምጡ፤ ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄዱም ሳይጠየቁ ያሳዩ፡፡ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ትጋትን ብቻ የሚጠይቁ ናቸው፡፡ ማይክሮስኮፑ ያለውን ያሳያል እንጂ ያለፈውን አይናገርም፤ ያለፈውን መናገር የእኛ ፈንታ ነው፡፡