የአጥራችሁ ስለት ማንን ነው የሚቆርጠው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ አጥሩን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «አጥሩ አናት ላይ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። በያጁ የብረት ጦር ይላል፣ ግንበኛው ስባሪ ጠርሙስ፣ ጎረቤት ደግሞ ሬዘር ሽቦ። የሁሉም መለኪያ ግን አንድ ነው፦ የበለጠ የሚያደማው ይሻላል። ይህ መለኪያ ስህተት ነው፣ አደገኛም ነው።

ሌባ ስለት ስላየ ብቻ አይመለስም። ጆንያ አጥፎ ጠርሙሱ ላይ ጣል ካደረገ ተሻገረ ማለት ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የአጥሩን መሃል አይደለም፤ አጥር ሥር የቆመውን ምሰሶ፣ የጎረቤትን ጣሪያ፣ የበሩን አግዳሚ ብረት ነው። አግዳሚ ብረቱ ወደ ውጭ የዞረ በር መሰላል ነው! እሱን ትቶ ግቢውን ዙሪያውን በሬዘር የሚጠቀልል ሰው ገንዘቡን ያለቦታው አፈሰሰ።

ታዲያ የሚቆረጠው ማነው? ኳሱን ሊያወርድ የተንጠላጠለ የሰፈር ልጅ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ረግቦ ወደ እግረኛ መንገድ በወረደ ሽቦ ሥር የሚያልፍ መንገደኛ ነው። እሳት ተነስቶ በር በኩል መውጣት ያቃተው ቤተሰብም በአጥር ነው የሚዘለው፤ ያኔ ስለቱ የሚጠብቀው ባለቤቱን ራሱን ነው።

«በገዛ ግቢዬ ማን ያዘኛል?» የሚል አይጠፋም። ሕግ ይይዝሃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጋችንም ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ሰው ይመዝናል፤ ሽቦ ግን ሌባውንም ልጁንም እኩል ይቆርጣል።

ስርቆት የለም እያልኩ አይደለም። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው ያውቃል። አጥራችሁን ባዶ አድርጉም አልልም። ምርጫችሁ ግን ማድማት ሳይሆን መከልከል ይሁን። ከመንገድ በግልጽ የሚታይ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ወደ መንገድ ያልዘመመ የብረት ጦር በቂ ነው። አቅም ካለ፣ እጅ ሲይዘው በዘንጉ ላይ የሚሽከረከረው ዓይነት ይሻላል፤ ሥራው መያዣ መከልከል እንጂ ሥጋ መብላት አይደለም። ስባሪ ጠርሙስ ግን ይቅር! ማታ አይታይም፣ ሲሚንቶው ሲሰነጠቅም እየረገፈ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ሌላም ነገር አለ። ከፍ ብሎ የተደፈነ ግንብ፣ ሌባው አንዴ ከገባ በኋላ የሚሸሽገው እሱን ነው፤ ጎረቤት ምንም አያይም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ለእንዲህ ያለው ሌሊት አልነበረም? በር ላይ የሚበራ አምፖልና ድምፅ ሲሰማ ብቅ የሚል ጎረቤት ከአንድ ጥቅል ሬዘር ይበልጣሉ።

ዛሬ ማታ ከመግባታችሁ በፊት አጥራችሁን ከውጭ ዞር ብላችሁ እዩት። የልጅ እጅ የሚደርስበት ስለት ካለ ነገ በያጅ ጥሩ።