ብሉቱዝ ለጆሮ ብቻ ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ብቻውን እያወራና እጁን እያወናጨፈ በመንገድ ሲያልፍ የታየ እንደ ሆነ፣ መንገደኛው ሁሉ ‹‹እግዚአብሔር ይማረው›› ብሎ ያልፈው ነበር። ዛሬ ግን ጆሮው ውስጥ የሰካት ትንሽ ፍሬ ስለምትታየን፣ ከሰው ጋር እየተነጋገረ መሆኑን አውቀን ዞር ብለንም አናየውም። በግቢያችንም ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮው ክፍት የሆነ ተማሪ ማግኘት እየቸገረ ሄዷል። ሰላም ቢሉት አይሰማም፤ ትከሻውን ሲነኩት ደንገጥ ብሎ አንዱን ፍሬ ይነቅልና ‹‹ምን አልከኝ?›› ይላል።

እንግዲህ ይህን ስል የጆሮ ማዳመጫን ለመንቀፍ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። ከሰባት ሰው ጋር በአንድ ዶርም የሚኖር ተማሪ ጆሮውን የሚዘጋበት ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ እኔም አለኝ። ለመናገር የምፈልገው፣ ያችን ፍሬ ከስልኩ ጋር ያለ ሽቦ የሚያገናኛት ብሉቱዝ የተባለው ነገር ሌላም ሥራ የነበረው መሆኑን ነው። ያን ሥራውን እኛው ራሳችን አስተውነው ለጆሮ ብቻ አስቀርተነዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከመካከላችን አንዳንዱን ውጤት እያስከፈለው ነው።

‹‹ብሉቱዝህን ክፈት›› የሚለውን ቃል የማያስታውስ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ልጆች ሳለን ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ጌሙም፣ የፊልሙ ቁራጭም የሚተላለፈው በዚህ ቃል ነበር። ሞባይል ቤት ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ዘፈን ያስጫነ አንድ ልጅ በሰፈሩ ካለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዘፈኑን አገኘ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ስልኮቻቸውን አጠገብ ለአጠገብ ይዘው፣ የሚሞላውን መስመር እያዩ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁም ያወራሉ። ካርድ አይሞላበትም፤ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

አሁንስ? መምህሩ ሃንድአውቱን ለክፍሉ ተጠሪ ይሰጣሉ፤ ተጠሪው በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ‹‹ተልኳል›› ይባላል። ተልኳል፤ ለማን? ዳታ ላለው ነው። ዳታ የሌለው ተማሪ ስሙ ከግሩፑ አልተፋቀም፤ የክፍሉ ሰው ነው፤ በፈተናውም ቀን እኩል ይቀመጣል። ሃንድአውቱ ግን አልደረሰውም።

ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን የሆነውን ልንገራችሁ። ከገጠር የመጣ፣ ቤተሰቡ በወር አንድ ጊዜ የሚችሉትን የሚልኩለት አንድ ጓደኛችን፣ ሚድ ሲደርስ ሁለት ምዕራፍ ሳያነብ ገባ። ከፈተናው በኋላ ‹‹ለምን አላነበብህም?›› ስንለው ‹‹አላየሁትም›› ብቻ አለ። ዳታ አልነበረኝም ብሎ መናገር ከብዶታል። የቸገረው ሰው እንጀራ ስጡኝ ማለት የሚከብደውን ያህል፣ ዛሬ ደግሞ ዳታ ስጡኝ ማለት እየከበደ መጥቷል። የሚያሳዝነው ግን ያው ሃንድአውት ከእሱ ሦስት አልጋ አልፎ በሚተኛ ልጅ ስልክ ውስጥ መገኘቱ ነው። አምስት ሜትር አይሞላም! ሃንድአውቱ ከዚያ አልጋ ወደዚህ አልጋ ለመድረስ የግድ ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር በኩል ዞሮ፣ በገንዘብ ተገዝቶ መመለስ አለበትን?

‹‹ዋይፋይ አለ አይደለም ወይ?›› የሚል ይኖር ይሆናል። አለ። ማታ ማታ ሁሉም በአንድነት ሲጎትተው ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ለመሆኑ ይህ ብሉቱዝ ምንድን ነው? አጭር ርቀት የሚሄድ ራዲዮ ነው። በስልካችን ውስጥ ያለው ዐይነት ብዙውን ጊዜ አሥር ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይኸውም የአንድ ዶርም ወይም የአንድ መማሪያ ክፍል ስፋት ነው። የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ባለው ሞገድ ሲሆን፣ ዋይፋይም፣ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ናቸው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ሁለት ዕቃዎች እንዴት ይደማመጣሉ ቢባል፣ ሞገዱን በ79 መስመር ከፍለው፣ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 1,600 ጊዜ ከመስመር ወደ መስመር አብረው ይዘላሉ። አንዱ መስመር ቢታወክ ቀጣዩ ላይ ይገናኛሉ። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፤ ስልኩን በኋላ ኪሱ የከተተ ሰው ማዳመጫው አልፎ አልፎ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለአርት ፋኩልቲ ወገኖቼ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይህን ከሞገድ ወደ ሞገድ የመዝለል አሳብ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካስመዘገቡት ሁለት ሰዎች አንዷ ሄዲ ላማር የተባለች የፊልም ተዋናይት ስትሆን፣ ሁለተኛው ጆርጅ አንታይል የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በራዲዮ የሚመራ ቶርፔዶ በጠላት እንዳይታወክ ብለው ያሰቡት ነው፤ ልክ እንደ ፒያኖው ቁልፎች ቍጥር 88 ሞገድ እንዲሆንም አቅደው ነበር። የምህንድስና ተማሪ ጓደኛችሁ ‹‹ሥነ ጽሑፍ ምን ይሠራል?›› ብሎ የጠየቃችሁ ቀን ይህን ንገሩልኝ።

ስሙም ቢሆን ከታሪክ መጽሐፍ የወጣ ነው። ሥራው በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀመረ። ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ በ1998 ማኅበር አቋቁመው ወደ ዓለም አወጡት። ጂም ካርዳች የተባለ የኢንቴል ሰው፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን በአንድ አገዛዝ ሥር ያዋለው በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ሃራልድ፣ ቅጽል ስሙ ‹‹ሰማያዊ ጥርስ››፣ ስልክንና ኮምፒዩተርን ለሚያገናኝ ዕቃ ተስማሚ ስም ነው ብሎ ለጊዜው አቀረበው፤ ጊዜያዊውም ስም ጸንቶ ቀረ። ምልክቱም የንጉሡ ስም የሚጀምርባቸው ሁለት የጥንት የሰሜን ሰዎች ፊደላት ተጣምረው ነው። በእኛ አገር ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በንጉሥ የፈረስ ስም አባ ዳኘው ሳይባል አይቀርም ነበር። ብቻ አገር ከአገር ባገናኘ ንጉሥ ስም የተጠራ ነገር፣ እኛ ዘንድ ስልክን ከጆሮ አገናኝቶ መቅረቱ ያስገርማል።

ሌላው ሕዝብ እንኳ ከእኛ የተሻለ ይጠቀምበታል። የሚኒባስ ሹፌሩ ቴፑ አሮጌ ሆኖ ብሉቱዝ ባይኖረው፣ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ይገዛል፤ እሷም ከስልኩ በብሉቱዝ የተቀበለችውን ዘፈን በኤፍ ኤም ለመኪናው ራዲዮ ታቀብላለች። ጆሮአቸው ለከበደ ሰዎች የሚሠራው የማዳመጫ መሣሪያም ዛሬ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚነጋገር ሆኗል። ልጆቻቸው ውጭ አገር ሆነው እንዲህ ያለውን የላኩላቸው አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ስልክ ሲደወል ያለ ማንም ረዳት ራሳቸው ያነሣሉ።

ደግሞም የቴሌግራሙ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በ2012ቱ ጊዜ እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት ጀምሮ በኮሮና ምክንያት ስለ ተዘጉ መልመጃው የሚመጣልን በስልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ታዲያ ምን ሆንን? አንዱ ቀድሞ ያወረደውን መልመጃ በብሉቱዝ ለጎረቤቱ ሰጠው፤ ጎረቤቱም ለእኅቱ ጓደኛ ሰጣት፤ በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። ማንም አላዘዘንም፤ ስብሰባም አልተጠራም። የያኔዎቹ ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን ማድረግ እንዴት አቃተን?

የሚቃወሙኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ክርክር ብሉቱዝ ቀርፋፋ ነው የሚል ነው። ለፊልም እውነት ነው፤ ፊልም ለመላክ ተቀምጦ መጠበቅ ጢም ያስበቅላል። ሃንድአውት ግን ፊልም አይደለም። አምስት ሜጋ ባይት የሚሆን ሃንድአውት ከግማሽ ደቂቃ ብዙ አይርቅም። ትልቅ ፋይል ከሆነ ደግሞ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ክዊክ ሼር፣ በብሉቱዝ ተፈላልጎ ዕቃውን በዋይፋይ ሞገድ ከስልክ ወደ ስልክ ያሳልፋል፤ ለዚህም ዳታ አያስፈልግም። አይፎን የያዙ ወገኖቻችን ግን በእውነት ችግር አለባቸው። ስልካቸው ብሉቱዝ እያለው ፋይል በብሉቱዝ አይልክም፤ ኤርድሮፕ የሚሉትም ለብዙ ዓመት የሚያውቀው የራሱን ዘር ብቻ ነበር። ደግነቱ አይፎን ገዝቶ ዳታ ያጣ ሰው ገና አላየሁም።

ሁለተኛው ክርክር ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በብሉቱዝ የሄደ ፋይል የላኪውን ስም ይዞ አይሄድም። በዚህም ምክንያት የአንዲት እኅታችን የግል ምስል ከዶርም ወደ ዶርም ሲዞር፣ ‹‹ከየት አመጣኸው?›› ሲባል ሁሉም ‹‹ልከውልኝ ነው›› የሚልበትን ጊዜ አይተናል። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ ስትሄድ ላኪዎቹ ግን ተመርቀው ወጡ። ይህ ነውር ብቻ አይደለም፤ የሰውን ስም የሚያጠፋ ምስል በኮምፒዩተርና በስልክ ማሰራጨት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ሆኖም የዚያ ጥፋት ባለቤት ያቀበለው እጅ ነው፤ ዛሬ ያው ነውር በቴሌግራም ይዞራል፤ ለዚህ ብሎ ቴሌግራሙን የዘጋ ተጠሪ አልሰማሁም።

ስለ ቫይረስም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2017 አርሚስ የተባለ ድርጅት ብሉቦርን ብሎ የሰየመው ቀዳዳ ሲገለጥ፣ ብሉቱዙ ክፍት በሆነ ስልክ ውስጥ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መግባት ይቻል እንደ ነበር ታወቀ። ስልክን ማደስ፣ የማያውቁትን ስም አለመቀበል፣ ሥራ ሲያልቅ መዝጋት ነው። በር ሌባ ያስገባል ተብሎ ቤት ያለ በር አይሠራም።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ተጠሪው ሃንድአውቱን በቴሌግራም ከመለጠፉ በፊት፣ ክፍሉ ሳይበተን ለአንድ ሰው በብሉቱዝ ይስጥ። ከዚያ ሁለቱ ለሁለት፣ አራቱ ለአራት፣ ስምንቱ ለስምንት ይሰጣሉ። ሒሳቡን ጓደኛዬ አይቶልኛል፤ በስድስተኛው ዙር 64 ሰው ይደርሰዋል፤ ይህም ከክፍላችን ቍጥር ይበልጣል። ለመፈላለጉና ለመፍቀዱ ጊዜ ጨምረን ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ተኩል ብንሰጥ፣ ነገሩ ሁሉ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ቁልፍ ስልክ የያዘ ጓደኛ ሃንድአውቱን መክፈት ባይችልም፣ ስልኩ ብሉቱዝና ሚሞሪ ካለው በድምፅ የተቀዳ ማብራሪያ መቀበል ይችላል፤ ከመካከላችን ጥሩ አንባቢ የሆነ ሰው ዋና ዋናውን በድምፁ ቀድቶ ቢያቀብለው እንደ መልካም አስጠኚ ይቈጠርለታል። ዳታ የለኝም ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር የሚከብደውም ሰው አይቸገርም፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ስለሚቀበል ማን እንዳለው፣ ማን እንደሌለው አይለይም።

ለዚህ የማኅበሩን ውሳኔ፣ የዲኑን ማኅተም መጠበቅ አያስፈልግም። ሰኞ በሁለት ሰዓት ክፍል አዲስ ሃንድአውት እንደሚሰጠን ተነግሮናል። እኔ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ የስልኬ ስም ‹‹ሦስተኛ ረድፍ›› ተብሎ ተቀይሯል፤ ክፍት ነው።