ለልጅ ሲባል ደብተር መያዝ

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሦስተኛውን ስንጠጣ ስልኳን አውጥታ “እስቲ ይህን እይልኝ” አለችኝ። ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተላከ የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ማስተርስ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ሁለት ዓመት የሚወስድ። ትምህርቱ አፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ፣ ባጭሩ ኤቢኤ ይባላል።

የስድስት ዓመት ልጇ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። “የእቁቡን ብር ለመኪና ነበር ያሰብነው። አሁን ግን እኔ ልማርበት። ተፈትኜ የምስክር ወረቀቱን ካገኘሁ ለእሱም ለሌሎችም የሚሆን ማዕከል እከፍታለሁ” አለችኝ። ፊቷ እንዲህ ሲፈካ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ቁጭ ብለን አብረን ማንበብ ጀመርን። ኤቢኤ በአጭሩ ባህርይን ከዙሪያው ጋር አያይዞ የሚያጠና ሙያ ነው። ልጁ ሱቅ በር ላይ መሬት ወድቆ ሲጮህ ባለሙያው “ባለጌ” አይለውም። ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ከጩኸቱ በኋላስ ምን አገኘ? እያለ ይመዘግባል። ብስኩት ካገኘ፣ ጩኸቱ ብስኩት የመጠየቂያ ቋንቋው ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ በጩኸቱ ፋንታ በጣት ማመልከትን ወይም ስዕል መስጠትን ደረጃ በደረጃ ያስተምሩታል።

የሙያው ዋና መጽሔት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በኦቲዝም ስሙ የገነነው ደግሞ በሎስ አንጀለስ ያስተምሩ የነበሩት ኢቫር ሎቫስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ነው። ወቀሳም አላጣውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅጣት ይጠቀሙ ነበር። ዛሬም ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች “እንደ ሌላው እንድንመስል ተገደድን” ይላሉ። ለዚህ ነው በማስተርሱ ውስጥ ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ኮርስ የሆነው። ልጁ በዝምታ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል? ለእሱ ወይስ ለእኛ? ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ሙያውን አልያዘም።

ትምህርቱ ግን ግማሹ መንገድ ነው። ቢሲቢኤ የሚባለውን የአሜሪካ ምስክርነት ለማግኘት ከኮርሱ ሌላ በመደበኛው መንገድ 2,000 ሰዓት በባለሙያ ክትትል መሥራት ያስፈልጋል። በሳምንት 20 ሰዓት ቢሠራ 100 ሳምንት ነው። ከዚያ የአራት ሰዓት ፈተና አለ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ “እችለዋለሁ” አለች። እንደምትችለውም አውቃለሁ።

ያስደነገጠን ቀጥሎ ያለው መስመር ነው። ፈታኙ ቦርድ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጀመሪያ ወዲህ ከጥቂት አገሮች ነዋሪዎች በቀር አዲስ አመልካች አይቀበልም። ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ዲግሪውን ታገኛለች፤ አዲስ አበባ ሆና ግን ለዚያ ፈተና መቀመጥ አትችልም። የመቀበያ ደብዳቤው ላይ ይህ አልተጻፈም።

ቡናው ቀዘቀዘ። ሁለታችንም ዝም አልን።

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ። የምኖርበት አገር ሆኜ በየትኛው ምስክርነት እፈተናለሁ? የተግባር ሰዓቱን የሚከታተለኝን ባለሙያ ማን ያገኝልኛል? ክትትሉ ለብቻው ይከፈልበታል ወይ? ለሌሎች አገሮች ነዋሪዎች ክፍት የሆኑ ምስክርነቶች አሉ፤ ለምሳሌ ኢንተርናሽናል ቢሄቪየር አናሊሲስ ኦርጋናይዜሽን የሚሰጠው። ዲግሪው ለእነሱ ብቁ ያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን ሌላ በር አላቸው። እዚያ በ40 ሰዓት ሥልጠና፣ በብቃት ምዘናና በፈተና የረዳትነት ሥራ ጀምረው፣ እየሠሩ ማስተርሱን መቀጠል ይቻላል።

እዚህም በሩ ሁሉ አልተዘጋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ፣ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ዲግሪም አይጠይቅም። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የውበት ሙያ ባለሙያ ነበሩ፤ ወደዚህ ሥራ ያስገባቸው የገዛ ልጃቸው ነው።

ጓደኛዬ ትምህርቱን አልተወችም። ለአንድ ዓመት እንዲያዘገዩላት ጽፋ፣ ሦስቱን ጥያቄዎችም አብራ ልካለች። የእቁቡ ብር ባንክ ተቀምጧል። እስከዚያው ማቀዝቀዣው በር ላይ የውሃ፣ የዳቦና የኳስ ስዕል ለጥፋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ልጁ የውሃውን ስዕል ነቅሎ መጣና አመጣልኝ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። ቀድቼ ሰጠሁት። ሳይጮህ ጠጣና ብርጭቆውን መለሰልኝ። እናቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ምንም አላለችም፤ ደብተሯን አውጥታ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች።